ቶርቶይስ፣ የሞዴል ባቡር የሐዲድ መቀየሪያ ሞተር፦ ደሴ ገበያ ላይ ካለ ሽቦ ጋር

ሞተሩን ከውጭ ማስመጣት ግድ ነው፤ የቀረው ሁሉ ከደሴ ፒያሳ የኤሌክትሪክ ዕቃ ቤቶች ይሞላል። ምላሱን (ባቡሩን ወደ ሌላ መሥመር የሚያዞረውን ተንቀሳቃሽ ሐዲድ) በዝግታ ይገፋል፤ ጫፍ ደርሶም ሳይጠፋ ተጭኖ ይይዛል፤ ያኔ በ12 ቮልት የሚወስደው 16 ሚሊአምፔር ገደማ ነው። ስለዚህ ለአሥር ሞተር አንድ አሮጌ የራውተር ቻርጀር ይተርፋል። መብራት ሄዶ ሲመጣም ቦታውን አይለቅም።

ጣጣው እግሮቹ፣ ማለትም ሽቦ የሚያያዝባቸው ቁጥር ያላቸው ጫፎች ላይ ነው። 1 እና 8 ለሞተሩ ኃይል የሚሰጡ ናቸው። ሐዲዶቹ የሚሻገሩበት ብረት ከ4፣ ሁለቱ የሐዲድ መሥመሮች ከ2 እና 3 ይያያዛሉ። ባቡሩ መሻገሪያው ላይ ሲደርስ ሾርት ካደረገ 2ን እና 3ን ማለዋወጥ ነው፤ ሌላ ነገር አትፍቱ።

ከጠረጴዛው ሥር ለሚዘረጋው ዋና የኤሌክትሪክ መሥመር ቀይና ጥቁር ባለ 2.5 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦ፣ በየሜትሩ ወደ ሐዲድ ለሚወጣው ባለ 0.5 ይበቃል። ሻጩ «1.5 ይሻላል፣ ይረክሳል» ቢል ለረጅም ጠረጴዛ እሺ አትበሉ። ብየዳው ካለቀ የአንድ ብር ሳንቲም ሁለቱን ሐዲዶች እንዲነካ አጋድሙ፦ ዲጂታል መቆጣጠሪያው ወዲያው ኃይሉን ካላቋረጠ ሽቦው ቀጥኗል ወይም ብየዳው ላልቷል።

ቅሬታ? ከጠረጴዛው ሥር የሚሰቀለው ሞተር ቁመት 8 ሴንቲሜትር ያልፋል፤ አብሮት የሚመጣው ዘንግም ለወፍራም ጣውላ ይለመጣል፤ 0.8 ሚሊሜትር የብረት ሽቦ ተኩበት።