«የአውሮፓ ማስተርስ በሐዋሳ» ለሚለው ማስታወቂያ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት

ሰሞኑን ሐዋሳ ውስጥ በየካፌው ጠረጴዛና በየመሥሪያ ቤቱ የማስታወቂያ ሰሌዳ አንድ በራሪ ወረቀት እየታየ ነው። «ሁለተኛ ዲግሪ በኮሙኒኬሽን፣ በአዲስ ሚዲያና በባህል ኢንዱስትሪዎች። ከአውሮፓ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር። ያለ መግቢያ ፈተና። በስምንት ወር ይመረቁ» ይላል። ወገኖቼ፣ አትመዝገቡ። የተመዘገባችሁም ቀሪውን ክፍያ ከመክፈላችሁ በፊት ይህን ጽሑፍ እስከ መጨረሻው አንብቡ። ማስታወቂያውን ያወጣውን ድርጅት ስም አልጠቅስም፤ የከፈሉ ሰዎች የሚያቀርቡበት አቤቱታ ገና በዝግጅት ላይ ነው። ደግሞም እንዲህ ያለ ሥራ የያዘ ሰው ነገ ስሙን ቀይሮ ሌላ ሕንፃ ላይ ቢሮ መክፈት አያቅተውም። ስለዚህ ከስሙ ይልቅ አሠራሩን ማወቅ ይጠቅማችኋል።

ወረቀቱ ማንን እንደሚፈልግ በደንብ የታሰበበት ነው። ሲዳማ በ2012 ክልል ከሆነ ወዲህ በከተማችን ያለው ቢሮ ሁሉ የሕዝብ ግንኙነት ባለሙያ ይፈልጋል። እነዚህ ባለሙያዎች መግለጫ ይጽፋሉ፣ ስብሰባ ይቀርጻሉ፣ የመሥሪያ ቤቱን የፌስቡክ ገጽ ያስተዳድራሉ፤ ለደረጃ ዕድገት ሲወዳደሩ ደግሞ ሁለተኛ ዲግሪ ያለው ይቀድማቸዋል። ከእነርሱ ሌላ ሠርግ የሚቀርጹ፣ ሙዚቃ የሚያቀናብሩ፣ በዩቲዩብ የሚሠሩ ወጣቶች አሉ። ፍቼ ጨምበላላ እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ውስጥ ከገባ በኋላ ባህላችንን በሙያ ይዘን እንጀራ እንብላበት የሚል ተስፋ ያደረበት ወጣት ብዙ ነው። ተስፋው ተገቢ ነው፤ ፍላጎቱም እውነተኛ ነው። የሚያንገበግበኝ ይህን ፍላጎት አይቶ ወጥመድ የሚዘረጋበት ሰው መኖሩ ነው።

አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ከደመወዟ ቆጥባና ከዕቁብ ወስዳ የመጀመሪያውን ክፍያ ከፈለች። ትምህርቱ የሚጀመርበት ቀን ሁለት ጊዜ ሲራዘምባት ወረቀቶቿን አሳየችኝ፤ ቁጭ ብለን አንድ በአንድ አነበብናቸው። ያየነውን ልንገራችሁ።

ደረሰኙ ከማንኛውም የጽሕፈት መሣሪያ መደብር የሚገዛ ጥራዝ ላይ በእጅ የተጻፈ ነው። የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር የለውም፤ የሽያጭ መመዝገቢያ መሣሪያ ያተመው አይደለም። «የክፍያው ምክንያት» በሚለው መስመር ላይ «የአገልግሎት ክፍያ» ይላል። ትምህርት የሚል ቃል፣ ማስተርስ የሚል ቃል ከላይ እስከ ታች አይገኝም። ማኅተሙ ላይ ያለው ስም ደግሞ በራሪ ወረቀቱ ላይ ካለው ስም ጋር አንድ አይደለም።

ውሉ አራት ገጽ ነው። መጀመሪያ ላይ «ድርጅቱ የማማከርና የማመቻቸት አገልግሎት ይሰጣል» ይላል። ልብ በሉ፤ አስተምራለሁ አላለም፣ ዲግሪ እሰጣለሁ አላለም። ሦስተኛው ገጽ ላይ፣ ፊደሉ ከሌላው በሚያንስበት ቦታ፣ «ተመዝጋቢው የሚያገኘው ምስክር ወረቀት በኢትዮጵያ ስለሚኖረው እውቅናና አቻ ግምት ድርጅቱ ኃላፊነት አይወስድም» የሚል አንቀጽ አለ። ቀጥሎ «የተከፈለ ገንዘብ በማናቸውም ምክንያት አይመለስም» ይላል። ሰው ሁለተኛ ዲግሪ የሚፈልገው እውቅና እንዲኖረው ነው። ያንኑ እውቅና በሦስተኛው ገጽ ላይ ክዶ በመጀመሪያው ቀን ገንዘብ መቀበል ምን ይባላል?

ሌላው አንቀጽ ስለ ቀሪው ክፍያ ነው። ዋጋው በዶላር ተቀምጦ «በክፍያው ዕለት ባለው የባንክ ምንዛሪ በብር ይሰላል» ተብሏል። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪን በገበያ እንዲወሰን ሲያደርግ 57 ብር አካባቢ የነበረው አንድ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። በዚያ ወቅት 1,000 ዶላር ቀሪ የነበረበት ሰው 57 ሺህ ብር አዘጋጅቶ ከ100 ሺህ ብር በላይ ተጠየቀ ማለት ነው። ደመወዛችሁ በብር ነው፤ ዕዳችሁ በዶላር እንዲሆን አትፈርሙ።

የኮርሶቹን ዝርዝር ሳይ ግን ከሁሉም በላይ አዘንኩ። ከሌላ ቦታ የተቀዳ ወረቀት ነው፤ ከግርጌው የሌላ ተቋም ስም ሲቆረጥ የፊደሎቹ አናት ቀርቷል። የኮርሶች ስም ተደርድሯል፤ የክሬዲት መጠን የለም፣ መምህር የለም፣ የመመረቂያ ጥናት የሚባል ነገር የለም። ይህ የትምህርት ዘርፍ እኮ ትልቅ ዘርፍ ነው! ከናዚ ጀርመን ሸሽተው አሜሪካ የገቡት ፈላስፎች ማክስ ሆርክሃይመርና ቴዎዶር አዶርኖ ፊልምና ሬዲዮ እንደ ፋብሪካ ምርት መመረታቸውን እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ መተቸት ከጀመሩበት ጊዜ አንሥቶ፣ ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2005 የባህል መገለጫዎችን ብዝኃነት ለመጠበቅ እስካጸደቀው ስምምነት ድረስ የሚነበብና የሚከራከሩበት ብዙ ነገር አለው። ሙዚቃ እንዴት ገንዘብ ያስገኛል? የፊልም ኪሳራ በማን ላይ ይወድቃል? የማኅበራዊ ሚዲያ ኩባንያዎች የሰውን ትኩረት ለማስታወቂያ የሚሸጡት በምን ስሌት ነው? እነዚህን ጥያቄዎች በጥናት ዘዴ መመርመር ነው ትምህርቱ።

ኢትዮጵያ ውስጥ ለሚሠራ ሰው ሲሰጥ ደግሞ ያለ ሀገሩ ሕግ አይሆንም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 እና ማሻሻያው 872/2007፣ የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ 1238/2013፣ የጥላቻ ንግግርንና የሐሰተኛ መረጃን ሥርጭት ለመከላከል የወጣው 1185/2012፣ የግል መረጃ ጥበቃው 1321/2016 አሉ። አንድ የሕዝብ ግንኙነት ባለሙያ የሰው ፎቶግራፍ በገጹ ላይ በለጠፈ ቁጥር፣ አንድ ወጣት የሌላውን ዜማ በቪዲዮው ላይ ባስገባ ቁጥር ከእነዚህ አንዱ ይመለከተዋል። በዝርዝሩ ውስጥ አንዳቸውም አልተጠቀሱም። ዝርዝሩን ያዘጋጀው ሰው የእኛን ሥራ አያውቀውም፤ ሊያውቀውም አልፈለገም።

ቢሮው አብሬያት ሄድኩ። የተቀበለን ወጣት ትሑት ነው፤ «እህቴ፣ ይቀመጡ» ብሎ ውኃ አቀረበልን። የእውቅና ፈቃዱን እንዲያሳየን ስንጠይቀው በፍሬም የተሰቀለ ወረቀት አሳየን። ቀርበን ስናነበው የንግድ ፈቃድ ነው፤ የሥራው ዘርፍ የማማከር አገልግሎት ይላል። «የትምህርቱ ፈቃድስ?» አልነው። «ዩኒቨርሲቲው ውጭ ስለሆነ የኢትዮጵያ ፈቃድ አያስፈልገውም፤ ዓለም አቀፍ እውቅና አለው» አለን።

ይህ ውሸት ነው። በከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 1152/2011 መሠረት ኢትዮጵያ ውስጥ ከፍተኛ ትምህርት መስጠት የሚፈልግ የግል ተቋም ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ ከውጭ የሚመጣውም ከዚህ ነፃ አይደለም። ፈቃዱን የሚሰጠው የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ነው። ሌላም ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ፤ የእውቅና ፈቃድ ለተቋሙ በጥቅሉ አይሰጥም። የሚሰጠው ለእያንዳንዱ የትምህርት ፕሮግራም፣ ለእያንዳንዱ ደረጃ፣ ለእያንዳንዱ ካምፓስና ለትምህርቱ አሰጣጥ ነው። አንድ ኮሌጅ አዲስ አበባ ላይ በአካውንቲንግ የመጀመሪያ ዲግሪ ለማስተማር ተፈቅዶለት ከሆነ፣ ያ ወረቀት ሐዋሳ ላይ በኮሙኒኬሽን ማስተርስ ለማስተማር አይሠራም። ፈቃድ ሲያሳዩአችሁ የፕሮግራሙን ስም፣ ደረጃውን፣ የካምፓሱን ከተማና የሚያበቃበትን ጊዜ አንብቡ፤ ከዚያም እነርሱ በሰጧችሁ ስልክ ሳይሆን ራሳችሁ ባለሥልጣኑን ጠይቃችሁ አረጋግጡ።

«ያለ መግቢያ ፈተና» የሚለውም ማባበያ ሊያጠራጥራችሁ ይገባል። ትምህርት ሚኒስቴር ለሁለተኛና ለሦስተኛ ዲግሪ አመልካቾች ሀገር አቀፍ የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና ያዘጋጃል፤ በግል ተቋም የሚማርም ይመለከተዋል። ፈተናውን አስቀርልሃለሁ የሚል ሰው ችግሩን አያስቀርላችሁም፤ ከምረቃ በኋላ ወደሚመጣው የማስረጃ ማጣራት ያሸጋግርላችኋል እንጂ።

የስምንት ወሩን ነገር ደግሞ በአውሮፓው ሚዛን እንየው። በእንግሊዝ ማስተርስ 180 ክሬዲት ነው፤ ሙሉ ጊዜውን ለትምህርት የሰጠ ተማሪ በአብዛኛው አንድ ዓመት ይፈጅበታል። 120 ክሬዲት ብቻ ከሆነ የድኅረ ምረቃ ዲፕሎማ፣ 60 ከሆነ የድኅረ ምረቃ ሰርተፊኬት ይባላል፤ ሁለቱም ማስተርስ አይደሉም። በፈረንሳይ ማስተርስ ሁለት ዓመት፣ 120 የአውሮፓ ክሬዲት ነው፤ የአውሮፓው ክሬዲት ከእንግሊዙ የተለየ መለኪያ ነው። ከሥራ በኋላ በቅዳሜና እሑድ ተምሮ በስምንት ወር ይህን የሚጨርስ ሰው የለም። ውሉ ላይ «ምስክር ወረቀት» ብቻ የተባለው ለዚህ ይመስለኛል።

«ዓለም አቀፍ እውቅና» የሚለውንም ሐረግ አትመኑት። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2015 ኒው ዮርክ ታይምስ ስለ አክሳክት ያወጣው ዘገባ ለዚህ በቂ ማስረጃ ነው። ካራቺ የሚገኘው ይህ ኩባንያ በመቶዎች የሚቆጠሩ ድረ ገጾችን ከፍቶ በሌሉ ዩኒቨርሲቲዎች ስም ዲግሪ ይሸጥ ነበር። ለዩኒቨርሲቲዎቹ እውቅና የሚሰጡ የሚመስሉ ድርጅቶችንም ራሱ ፈጥሮ ነበር። ስለዚህ የአንድ እውቅና ሰጪ ዓርማ ወረቀት ላይ መታተሙ ምንም አያረጋግጥም። ዩኒቨርሲቲው አለ የሚባልበት ሀገር መንግሥት በሚያወጣው መዝገብ ውስጥ ስሙ መኖሩን፣ ለምሳሌ በእንግሊዝ ዲግሪ ለመስጠት ሥልጣን ካላቸው ተቋማት ዝርዝር ውስጥ መገኘቱን ማየት ያስፈልጋል። ለዩኒቨርሲቲው የሬጅስትራር ጽሕፈት ቤትም በቀጥታ ኢሜይል ጽፋችሁ «ሐዋሳ ውስጥ ወኪል አላችሁ ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። ባልደረባዬ ጠይቃለች። «በኢትዮጵያ ከማንም ጋር ስምምነት የለንም» የሚል አጭር መልስ አገኘች።

ይህን መልስ ይዘን ስንመለስ ወጣቱ አልተከራከረም። ድምፁን ዝቅ አድርጎ ያላትን ቃል በቃል ላስቀምጠው፤ «እህቴ፣ ገንዘብ መመለስ አንችልም፤ ግን ሦስት ሰው ካመጡልን የከፈሉትን እናካክስልዎታለን።» እዚህ ላይ ነው ይህን ለመጻፍ የቆረጥኩት። የተጎዳ ሰው ጉዳቱን በጓደኛው፣ በዘመዱ፣ በሥራ ባልደረባው ላይ እንዲያወርድ እየተጠየቀ ነው። የምታውቁት ሰው ስለዚህ ትምህርት በድንገት አጥብቆ ቢወተውታችሁ አትቀየሙት፤ ግን እርሱም ከፍሎ እንደሆነና ሰው እንዲያመጣ ተጠይቆ እንደሆነ በግልጽ ጠይቁት።

መማር የምትፈልጉ ትክክለኛው መንገድ ዝግ አይደለም። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የጋዜጠኝነትና ኮሙኒኬሽን ትምህርት ቤት በድኅረ ምረቃ ያስተምራል፤ እዚሁ ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ሄዶ በዘርፉ ያለውን መጠየቅ ደግሞ የታክሲ ዋጋ ብቻ ነው የሚያስወጣው። ውጭ ለመማር የሚሻ ሰው የእንግሊዝ መንግሥት ለሚሰጠው የቺቭኒንግ ስኮላርሺፕ ያለ ክፍያ፣ ያለ ደላላ፣ ራሱ በኢንተርኔት ማመልከት ይችላል፤ ቢያንስ የሁለት ዓመት የሥራ ልምድ ይጠየቃል፣ እሱ ደግሞ አብዛኞቻችን አለን። ለማመልከቻ ገንዘብ አምጡ የሚል «የስኮላርሺፕ ወኪል» ካጋጠማችሁ ትታችሁት ሂዱ።

ከፍላችሁ ከሆነ ተስፋ አትቁረጡ፣ ዝምም አትበሉ። ደረሰኙን፣ ውሉን፣ በራሪ ወረቀቱንና በቴሌግራም የተላኩላችሁን መልእክቶች በሙሉ አስቀምጡ፤ በተለይ ማስታወቂያውን አትጣሉት፣ የተገባላችሁ ቃል የሚገኘው እዚያ ላይ ነውና። ገንዘባችሁ እንዲመለስ በጽሑፍ ጠይቁ፤ ቀን ያለበት የደረሰኝ ፊርማ ተቀበሉ። «አይመለስም» የሚለው አንቀጽ አያስፈራችሁ። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በተንኮል የተገኘ ፈቃድ ውሉን ለማፍረስ ምክንያት ይሆናል፤ ነገር ግን ክሱ በሁለት ዓመት ውስጥ መቅረብ ስላለበት ቀነ ቀጠሮ እየሰጡ ጊዜ እንዲገፉባችሁ አትፍቀዱ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ 813/2006 ሸማቹን አሳሳች ማስታወቂያ ከሚያወጣ ነጋዴ ይጠብቃል፤ አቤቱታውን ንግድ ቢሮ ይቀበላል። ሆን ብሎ በሐሰት ቃል ሰውን አሳስቶ ገንዘብ መቀበል ደግሞ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 692 ያስጠይቃል፤ ይህ የፖሊስ ጉዳይ ነው።

ባልደረባዬና ሌሎች የከፈሉ ሰዎች ማመልከቻቸውን በአንድነት ለንግድ ቢሮ ሊያስገቡ ነው፤ ግልባጩ ለትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ይላካል። ተመሳሳይ ውል የፈረማችሁ ካላችሁ ኮፒውን ይዛችሁ እንድትቀላቀሉ እንፈልጋለን። ድርጅቱ የአዲሱን ዙር ምዝገባ እስከ ወሩ መጨረሻ አራዝሟል፤ ስለዚህ ይህን ጽሑፍ በየመሥሪያ ቤታችሁ ላሉ የሕዝብ ግንኙነት ባለሙያዎች ከዚያ በፊት አድርሱልን።