በባዶው ማቆሚያ ላይ ክራሽ ልስቀል ወይስ ስፕላሽ?

ከድራሜ በስተቀኝ አንድ የሲምባል (በስቲክ የሚመታ የብረት ሳህን) ማቆሚያ ለሁለት ዓመት ያህል ባዶውን ቆሞ ነበር። ሃይ ሃት (በእግር የሚከፈትና የሚዘጋ ጥንድ ሲምባል) አለኝ፣ 20 ኢንች ራይድ (ምቱን የሚያስኬድ ትልቅ ሲምባል) አለኝ፣ በግራዬ 16 ኢንች ክራሽ (ለአጽንኦት የሚመታ፣ ድምፁ ቦግ የሚል ሲምባል) አለኝ። በቀኝ የነበረውን ርካሽ የናስ ሲምባል ሰንጥቄ የጣልኩት ራሴ ነኝ፤ እንዳይንቀሳቀስብኝ ብዬ ዳዶውን አጥብቄ አስረው ነበር። ሲምባል ሲመታ መወዛወዝ አለበት። ጠርቀው ካሰሩት የምቱን ኃይል የሚያራግፍበት ስለሌለው ከጠርዙ ይሰነጠቃል።

እጄ ላይ የነበረው ገንዘብ ለአንድ ሲምባል ብቻ የሚሆን ነው። ወይ 18 ኢንች ክራሽ፣ ወይ 10 ኢንች ስፕላሽ የሚባለው ትንሹ ሲምባል።

ክራሹን ከአንድ ጓደኛዬ ተውሼ ሦስት ዓርብ ተጫወትኩበት። የምንሠራበት ቤት ጠባብ ነው፣ ጣሪያው ዝቅ ያለ ነው፣ ክራር ተጫዋቹ የሚቀመጠው ከእኔ ሁለት ክንድ ርቆ ነው። በትዝታ ላይ ክራሹን ወደድኩት። ዘፋኟ የመጨረሻውን ስንኝ ስትለቀው ጠርዙን በስቲኩ ጎን ገረፍ ሳደርገው ድምፁ ቦግ ይልና ቀስ እያለ ይከስማል፤ የሚያጣድፈው የለም። ችክችካ ሲጀመር ግን ነገሩ ተበላሸ። ስድስት ስምንተኛው (6/8) ምት ሲፈጥን በምትና በምት መካከል ትንፋሽ የለም፤ ክራሹ የመጀመሪያውን ምት ሳይጨርስ ቀጣዩ ዙር ይደርስበታል። የድምፁ ጭራ እየተንዘላዘለ የክራሩን ቀጭን ክሮች ይውጣል። በሁለተኛው ዓርብ፣ በእረፍት ሰዓት፣ ክራር ተጫዋቹ አጠገቤ መጥቶ «ወንድሜ፣ ይህን የምትመታው እኔን ቂም ይዘህብኝ ነው?» አለኝ።

ስፕላሽ ሌላ ፍጥረት ነው። ብዙውን ጊዜ ከ6 እስከ 12 ኢንች ነው፣ ስስ ነው፣ የሚናገረውን ተናግሮ ዝም ይላል። በጋለ ምጣድ ላይ ውሃ ጠብ ሲል የሚሰማውን ድምፅ ያስቡ፤ እሱ ነው። 8 ኢንቹ ለእኔ ጆሮ በጣም ይሾላል፣ 12ቱ ደግሞ ትንሽ ክራሽ ልሁን ይላል። 10ሩን መረጥኩ።

ያመጣችልኝ አሜሪካ ካለችው ሲልቨር ስፕሪንግ የመጣችው እህቴ ናት። 18 ኢንች ማለት 46 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስለሆነ «ሻንጣዬ አይችለውም» ብላኝ ነበር፤ 25 ሴንቲ ሜትሩን ግን በልብስ መካከል ሸጉጣ ይዛው ገባች። እናቴ ከሻንጣው አውጥታ ገልበጥ ገልበጥ አደረገችና «ይህ የማን አክንባሎ ነው? ለየትኛው ምጣድ ይሆናል?» አለች።

ዕቃው የሲምባል ሠሪው የዚልጂያን ኩባንያ ምርት፣ ኤ ከስተም የሚባለው ነው። 80 በመቶ መዳብ፣ 20 በመቶ ቆርቆሮ የሆነ ነሐስ ነው፤ ከሰነጠቅሁት ናስ ጋር የሚያገናኘው ቢጫነቱ ብቻ ነው። ዚልጂያን ማለት የሲምባል ሠሪ ልጅ ማለት ነው፤ አርመናዊው ቤተሰብ ሥራውን እ.ኤ.አ. በ1623 በቁስጥንጥንያ ጀምሮ በ1929 ወደ ማሳቹሴትስ ተሻገረ። እኛንም የማርሽ ባንድ ሙዚቃ ካስለመዱን መካከል እ.ኤ.አ. በ1924 ከኢየሩሳሌም የመጡት አርባው የአርመን ልጆች ስላሉበት፣ ስሙን ባየሁ ቁጥር የሩቅ ዘመድ ያገኘሁ ይመስለኛል።

አሁን ከሃይ ሃቱና ከትንሿ ቶም (ከበሮ) መካከል ዝቅ አድርጌ ሰቅዬዋለሁ። ማቆሚያውን ከቀኝ ወደ ግራ ማዞር ነበረብኝ፤ ስፕላሽ ከእጅ ከራቀ ዋጋ የለውም፣ ድንገት ብልጭ የሚል ነገር ነውና። አመታቱ ቀላል ይሁን። ነካ አድርጎ ስቲኩን ወዲያው መመለስ ነው፤ እንደ ክራሽ ከገረፉት ድምፁ ይታነቃል፣ ዕድሜውም ያጥራል። በችክችካ ላይ ከዘፋኟ ሐረግ ጫፍ ላይ አንዴ ጣል ሳደርገው ክራሩ ሳይሸፈን ያልፋል።

ጨርሶ ክራሽ የሌለው ሰው ግን ስፕላሽ እንዳይገዛ። ዘፈን በስፕላሽ ብቻ ሲዘጋ ሰው ያነጠሰ ነው የሚመስለው። በድንኳን ሠርግ ላይም ከንቱ ነው፤ ሳክስፎኑ፣ ኪቦርዱና እልልታው ተደማምረው ይውጡታል፣ እኔ ራሴ አልሰማውም። 18ቱን ለጓደኛዬ መልሼለታለሁ። ጥር ሲገባ ዳግመኛ እንደምዋሰው ግን ከአሁኑ ነግሬዋለሁ።