ውሻ ሊወስድ ሄዶ ተከልክሎ የተመለሰው ሰው እኔ ነኝ

ውሻውን ልወስድ የሄድኩት እዚህ ጎንደር ያለ የተጣሉ ውሾች መጠለያ ነው፣ ስሙን ግን አልጽፍም። መጠለያውን የያዙት ሴትዮ ራሳቸው ለምነውኛል። ከዚህ በፊት አንድ በጎ አሳቢ አድራሻቸውን ፌስቡክ ላይ ለጠፈላቸው። በሳምንቱ ጠዋት በራቸውን ሲከፍቱ በማዳበሪያ ጆንያ የታሰሩ 6 ቡችሎች አገኙ። ስድስቱም ሴቶች። ሰው ወንድ ወንዱን ያስቀርና ሴቷን «ትወልዳለች» ብሎ ይጥላል። ለማንኛውም ውሻ የፈለገ ሰው ቦታውን አያጣውም። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና የሚማር ዘመድ ካላችሁ ጠይቁ። እኔንም የላከኝ እዚያው የሚማር የአክስቴ ልጅ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሐምሌ ላይ ሌባ ግቢያችን ገብቶ የውሃ ፓምፓችንን ነቅሎ ወሰደ። ጎንደር ውስጥ የውሃ ፓምፕ መሰረቅ ምን ማለት እንደሆነ ለጎንደር ሰው አላስረዳም። ውሃ በስንት ቀን አንዴ፣ እሱም በሌሊት ይመጣል፤ ያለ ፓምፕ ደግሞ ሮቶው ላይ አይወጣም፣ አለቀ። ስለዚህ ውሻ ፈለግኩ። መጀመሪያ የሄድኩት ቡችላ ከሚሸጥ ሰው ዘንድ ነው። «የጀርመን ክልስ ነው» አለኝ። ጆሮው ግን ተንጠልጥሏል። «ሲያድግ ይቆማል» አለ። 7 ሺህ ብር። የጓደኛዬ ውሻ ጆሮው ይቆማል ከተባለ ሦስት ዓመት አልፎታል፣ አሁንም እየጠበቅን ነው።

ከዚያ ነው ወደ መጠለያው የሄድኩት። ባጃጅ አስፋልቱ ላይ ያወርዳችኋል፣ ቀሪው በእግር ነው። ነሐሴ ላይ ስለነበር ጭቃው ጫማ ያስወልቃል። ሽታ ጠብቄ ነበር፣ እውነቴን ነው፣ አፍንጫዬን ይዤ ነው የገባሁት። ግቢው ግን ተጠርጓል፣ ጥግ ጥጉ ላይ ኖራ ተነስንሷል። ውሾቹ ሰላሳ ይሆናሉ። መኝታቸው ለሁለት የተሰነጠቀ በርሜል ነው፣ ከታች ድንጋይ ተደርጎለት ከመሬት ከፍ ብሏል፣ ውስጡ ጭድ አለው። ጩኸቱን ግን አልዋሻችሁም፣ በሩ ሲከፈት ጆሮ ይበጥሳል። ጎረቤቶቻቸው ለጽድቅ የሚኖሩ ሰዎች መሆን አለባቸው።

ሴትዮዋ እጃቸውን በቀሚሳቸው እየጠረጉ መጡና ጥያቄ ጀመሩ። ቤቱ የራስህ ነው ወይስ ኪራይ? አጥር አለው? ማን ነው የሚያበላው? ክፍለ ሀገር ስትሄድ ለማን ትተወዋለህ? ሁሉንም መለስኩ። መጨረሻ ላይ «ቀን ታስረዋለህ?» አሉ።

«አዎ፣ ቀን ይታሰራል፣ ማታ ይለቀቃል። ውሻ አይደል እንዴ?»

«እንግዲያው ወንድምዓለም፣ ካሜራ ግዛ» አሉኝ።

አበቃ። ቡና ጠጣ አሉኝ፣ አልጠጣሁም። ሽማግሌ ልኬ ልጅ የተከለከልኩ ነው የመሰለኝ። መንገድ ላይ ያ ሁሉ ጭቃ አልታወቀኝም። ሰው ጎዳና ላይ የተጣለ ውሻ እወስዳለሁ ሲል ይመረቃል እንጂ እንዴት ይባረራል? ለአክስቴ ልጅ ደውዬ ጮኽኩበት። እሱ ሳቀ። «ከአምስት ሰው ሦስቱን ይመልሳሉ፣ አንተ ብቻ አይደለህም» አለኝ። (ቁጥሩን ከየት እንዳመጣው እንጃ፣ ተማሪ ነው።)

ማታ ግን አያቴ ትዝ አሉኝ። ደምቢያ ነበሩ። ውሻቸው «ምን አገባችሁ» ይባል ነበር፣ ለጎረቤት የተላከ መልእክት ነው፣ በቀን አሥር ጊዜ እየጮኹ ይጠሩታል። ምን አገባችሁ አንድ ቀን ታስሮ አያውቅም። ሲጮኽ ቤተሰቡ በሙሉ ዱላ ይዞ ይወጣል፣ ምክንያቱም በከንቱ ጮኾ አያውቅም። የኛ ሰፈር ሰንሰለተኞች ግን ለቅጠሉም፣ ለባጃጁም፣ ለድመቱም ይጮኻሉ። ፓምፓችን የተሰረቀ ሌሊት የጎረቤት ውሻ እስኪነጋ ሲጮኽ ነበር። እኔ ትራሴን ጆሮዬ ላይ አድርጌ ተኛሁ።

በሳምንቱ ተመለስኩ። እናቴን ይዤ።

እናቴ ውሻ አትወድም። ሥዕለ አድኅኖ ያለበት ቤት ውሻ አይገባም፣ ይሄ ድርድር የለውም። ሴትዮዋን ገና ሳትቀመጥ ነገረቻቸው። እሳቸውም «ደጅ ትደር እታለም፣ ደጅ ማለት ግን ዝናብ ላይ ማለት አይደለም» አሏት። ከዚያ ሁለቱ ስለ አልአዛር ጀመሩ፣ ቁስሉን የላሱለት ውሾች ናቸው፣ ሰውማ ዞር ብሎ አላየውም፣ ምናምን። እኔ ተረሳሁ። ሁለተኛው ቡና ላይ «እንግዲህ ሰንሰለቱን ትተኸዋል?» ተባልኩ። ትቼዋለሁ አልኩ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። የዚህ ቦታ ትልቁ ነገር ምንድነው ብትሉኝ፣ ስለ ውሻው እውነቱን ይነግሯችኋል። ሻጩ ጆሮው ይቆማል አለኝ፤ እነዚህ ግን በየውሻው ፊት ቆመው ጉድ ሲዘረዝሩ ነው የዋሉት። ያ ጥቁሩ ሕፃን አይወድም፣ ልጅ ያለበት ቤት አንሰጠውም። ያቺ አጥር ትዘላለች፣ ሁለት ሜትር ካልሆነ አትውሰዳት። ይሄኛው አርጅቷል፣ ብዙ አይቆይልህም። እኔ ትልቅ፣ ወንድ፣ ደረቱ ሰፊ ነበር የፈለግኩት። የሰጡኝ አራት ዓመት ገደማ የሆናት (በጥርሷ ነው የገመቱት)፣ ባጃጅ ገጭቷት የኋላ እግሯን የምትጎትት፣ አንድ ጆሮዋ የተቀደደ ሴት ነች። «ተኩስ ስትሰማ ትደበቃለች፣ እወቀው» አሉኝ። በእሱ እንኳ አልፈርድባትም፣ እኔም እደበቃለሁ።

እዚያ ሰላም ይሏት ነበር። የወንድሜ ሚስት ሰላም ናት። ስለዚህ ሰሊጥ ሆነች፣ ቀለሟም ይመስላል።

የከፈልኩት 1,200 ብር ነው፣ ያውም የውሻ ዋጋ አይደለም፣ የክትባቱና የመድኃኒቱ ነው። ሰሊጥ እንዳትወልድ ኦፕራሲዮን ተደርጋለች፣ የእብደት በሽታ ክትባት ተከትባለች፣ የትል መድኃኒት ወስዳለች። ካርድ አላት። የካርዱ ጽሑፍ የሐኪም ጽሑፍ ስለሆነ ከቀኑ በቀር አይነበብም፣ ቀኑ ግን ይበቃል፣ ክትባቱ በየዓመቱ ይታደሳል። ቡችላ ከሆነ ከሦስት ወሩ ጀምሮ ነው የሚከተበው። እነሱ ሳይከትቡ አይሰጡም፣ ሌላ ቦታ ከወሰዳችሁ ግን ራሳችሁ ጠይቁ፣ ምክንያቱም በዚህ ነገር ቀልድ የለም። ሰው ላይ ከሚደርሰው የእብደት በሽታ 99 በመቶው የሚመጣው ከውሻ ነው፣ ምልክቱ አንዴ ከታየ ደግሞ የሚተርፍ የለም ማለት ይቻላል። ከተነከሳችሁ ቁስሉን በውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ ሙሉ እጠቡት፣ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ሂዱ። «ውሻው ይሞት እንደሆነ እንይ» ብላችሁ አትቀመጡ። ጠበል አትሂዱ አላልኩም። መርፌውን ተወግታችሁ ሂዱ።

ሴትዮዋ ስለ ክትባት ሲናገሩ ስለ ቀይ ቀበሮ ማንሳት ይወዳሉ። መጀመሪያ ምን አገናኘው ብዬ ነበር። ለካ ቀይ ቀበሮ ያለው ኢትዮጵያ ብቻ ነው፣ በጠቅላላው የቀረው 500 ገደማ ነው፣ ጥቂቶቹም እዚሁ ስሜን ተራራ፣ ከኛ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ከደባርቅ በላይ ናቸው። ባሌ ላይ ከአንዴም ሁለቴ ያረገፋቸው ከእረኛ ውሻ የተጋባባቸው እብደት ነው። በየከተማው ውሻ ሲበዛ ሰው መርዝ ያነሳል። መርዙ ደመ ከልብ ከማብዛት በቀር በሽታውን አያጠፋውም፣ በሽታውን የሚያቆመው ከአሥር ውሻ ሰባቱ ሲከተብ ነው። ይሄን ሁሉ ቡና እየቀዱ ነው የሚነግሯችሁ፣ ጊዜ ይዛችሁ ሂዱ።

ምግብን በተመለከተ የሰጡኝ ምክር ቤታችንን አተራምሶታል። ወጥ አትስጡ አሉ። ሽንኩርት የውሻን ደም ይጎዳል፣ ነጭ ሽንኩርትም እንደዚያው። ጎንደር ውስጥ ሽንኩርት የሌለበት ትራፊ ፈልጉ እስቲ! ስለዚህ የበቆሎ ክክ ተቀቅሎ፣ ትንሽ ዘይት ጠብ ተደርጎበት፣ ከተቀቀለ ሳንባ ጋር ነው የምትበላው። ሳንባው መቀቀል አለበት፣ ጥሬውን አይሆንም። ሥጋ ቤት ውሃ የቋጠረ ሳንባ ወይም ጉበት አይታችሁ ታውቁ ይሆናል፣ እሱን ጥሬውን የበላ ውሻ ሆዱ ውስጥ ትል ያፈራል፣ የትሉ እንቁላል ደግሞ በዓይነ ምድሩ ወጥቶ ወደ ሰው ይዞራል። የትል መድኃኒቱ በየሦስት ወሩ የሆነው ለዚህ ነው።

ሁዳዴ ሲገባ ሌላ ጣጣ መጣ። ሥጋ ቤቱ ለ55 ቀን ተዘጋ። ይሄን አስቤው አላውቅም ነበር፣ የሰፈር ውሻ በጾም የሚከሳው እኮ አጥንት የሚጥልለት ስለሚጠፋ ነው። ለሴትዮዋ ደወልኩ፣ ከሙስሊም ሥጋ ቤት ሳንባ ከሚያመጣላቸው ልጅ ጋር አገናኙኝ። እናቴ ጾም ላይ ሳንባ እየቀቀለች «ይቅር በለኝ» ስትል የሰማሁት ያኔ ነው። ለፋሲካ ደግሞ በተቃራኒው ጎረቤት ሁሉ አጥንት ወረወረላትና ሁለት ቀን ታመመች።

ወቀሳዬን ልናገር። አንደኛ፣ ስልክ አያነሱም። አራቴ አምስቴ ካልደወላችሁ ተስፋ የለም። ሁለተኛ፣ ውሻውን ማድረሻ የላቸውም፣ ባጃጅ ደግሞ ውሻ አይጭንም። ሦስተኛው ባጃጅ በእጥፍ ዋጋ ተስማማ፣ እሱም ወንበሩ ላይ ጆንያ አንጥፌ። ሦስተኛ፣ ሳይነግሩ ይመጣሉ። ውሉ ላይ አለ፣ ፈርሜያለሁ፣ ግን እሁድ እንግዳ ተቀምጦ ሳለ ገብተው በቀጥታ ወደ ውሻዋ ቤት ሄደው ጭዱን በእጃቸው ሲዳስሱ ማየት ትንሽ ይከብዳል። ጭዱ እርጥብ ነበር። በእንግዳ ፊት ተቆጣሁ፣ ማለቴ ተቆጡኝ።

አራተኛው ከባዱ ነው። ሰሊጥ ዶሮ አትነካም ብለውኝ ነበር። በሁለተኛው ሳምንት የጎረቤታችንን የጋሽዬን እንቁላል ጣይ ዶሮ በላች። 900 ብር። ደውዬ ሳወራ (ያን ቀን አነሱት!) ሴትዮዋ ዝም አሉና «እኛ ግቢ ዶሮ የለም፣ ሳናይ ነው የተናገርነው፣ ጥፋቱ የኛ ነው» አሉ። በማግስቱ መጥተው ጋሽዬን ይቅርታ ጠየቁ፣ ግማሹንም ከፈሉ። እናቴ አትቀበል አለችኝ፣ እኔ ተቀበልኩ። አሁን ወረቀታቸው ላይ «ከዶሮ ጋር አልታየችም» የሚል መስመር ጨምረዋል አሉኝ።

በጥበቃው እንዴት ነች ለምትሉ፣ በዘጠኝ ወር የጮኸችው አራቴ ብቻ ነው። አራቱንም ጊዜ ተነስቼ ወጥቻለሁ። ሁለቱ ጅብ ነበር። አንዱ ሰክሮ በራችንን የራሱ በር የመሰለው ጎረቤት ነው። አራተኛው ምን እንደነበር አላወቅኩም፣ ጠዋት ግን አጥሩ ሥር የአንድ እግር ሸበጥ ጫማ አገኘን፣ አዲሱ ፓምፕም ቦታው ላይ ነው።

ከአሥር ስምንት ሰጥቻለሁ። አንዱን የቀነስኩት በስልኩ፣ አንዱን በዶሮዋ። ተከራይቶ የሚኖር፣ አጥር የሌለው፣ ወይም ለስድስት ወር ብቻ የሚፈልግ ሰው ባይሄድ ይሻለዋል፣ ይመልሱታል። ቡችላ ካልሆነ የሚል ደግሞ ብዙ ይጠብቃል፣ ያልከተቡትን አይሰጡም። ያ ሕፃን የማይወደው ጥቁሩ አሁንም እዚያው ነው፣ ልጆች ያደጉበት ግቢ ያላችሁ እዩት፣ ደረቱ ሰፊ ነው። በጆንያ ከመጡት ስድስቱ ቡችሎች አራቱ ቤት አግኝተዋል። ትናንት ስደውል፣ በአምስተኛው ተነሳ፣ ሁለቱ ገና አልተወሰዱም።