የስታክ ኦቨርፍሎው የመልስ ማጣሪያ፦ ምኑ ይሠራል፣ የቱ ጋ ይሰናከላል

እ.ኤ.አ. በ2008 የተጀመረው ስታክ ኦቨርፍሎው፣ የፕሮግራመሮች የጥያቄና መልስ ድረ ገጽ፣ የድርጅት ንብረት ቢሆንም መልሶቹን በዋናነት የሚያጣሩት ያለ ክፍያ የሚሠሩ ተጠቃሚዎች ናቸው። አሠራሩ በጥቅሉ ጥሩ ነው። ጥንካሬው «መልስ ያልሆነ»ን እና «የተሳሳተ መልስ»ን ለይቶ ማስተናገዱ ነው።

«እኔም ይሄው ችግር አለብኝ»፣ «አመሰግናለሁ» ወይም በመልስ ቦታ የተጻፈ አዲስ ጥያቄ በጥቆማ፣ ማለትም ችግር እንዳለበት ለአጣሪዎች በማመልከት፣ ይነሳል፤ ለመጠቆም 15 ነጥብ (ተጠቃሚው ጽሑፎቹ ሲደገፉ የሚያገኘው) ይበቃል። ለመመለስ ሞክሮ የተሳሳተ ግን የተቃውሞ ድምፅ ይሰጠዋል፣ ስህተቱም በኮሜንት ይገለጻል። ብዙ ጥቆማ ውድቅ የሚሆነው ይህ ልዩነት ሲዘነጋ ነው። መቃወም ዋጋ ስላለው የነጥብ አሰጣጡም ወደዚያው ስህተት ይገፋል። ለመቃወም 125 ነጥብ ያስፈልጋል፤ መልስ ሲቃወሙ ከጸሐፊው 2፣ ከተቃዋሚውም 1 ነጥብ ይቀነሳል። ጥያቄን መቃወም ግን ምንም አያስከፍልም። መልስ ላይም ያቺ 1 ነጥብ ብትቀር ይሻል ነበር፤ አንባቢን ይበልጥ የሚጎዳው የተሳሳተ መልስ ነውና።

2,000 ነጥብ የደረሰ ሰው የደካማ መልሶችን ወረፋ፣ ማለትም ውሳኔ የሚጠብቁ መልሶችን ዝርዝር፣ ይገመግማል። እዚህ የሚያሳስተው ጥድፊያ ነው። ወረፋው መልሱን ከሌሎቹ መልሶች ነጥሎ ስለሚያቀርበው፣ ጥያቄውን በሌላ ታብ ከፍቶ ሙሉውን ማየት ያስፈልጋል። ሊንክ ያለበት መልስ ሲመጣ ሊንኩ ነገ ባይሠራ ምን እንደሚቀር ይታሰብ። «ይህን ተመልከት» ብሎ ሊንክ ብቻ ያስቀመጠው ይሰረዝ። «ዋናው ሊስት እንዳይለወጥ መጀመሪያ ኮፒ አድርገው፤ ዝርዝሩ እዚህ አለ» የሚለው ግን አጭር ቢሆንም መልስ ነው፣ ይቆያል። ማብራሪያ የሌለው ኮድም እንዲሁ ደካማ ነው እንጂ የሚሰረዝ አይደለም።

ሲስተሙ ውሳኔያቸው አስቀድሞ የታወቀ ጽሑፎችን በመሃል እየከተተ ገምጋሚውን ይፈትናል። ሳያነብ «ደህና ነው» እያለ የሚያልፍ ደጋግሞ ሲወድቅ ለጊዜው ይታገዳል። ይህ ተገቢ ነው።

ከዲሴምበር 2022 ጀምሮ በአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ የተጻፈ መልስ መለጠፍ ክልክል ነው፤ በጣም አድካሚው ሥራም ይህን መለየት ነው። ቋንቋው የጠራ፣ አቀራረቡ የተደራጀ ስለሚሆን በንባብ ብቻ አይያዝም። ኮዱን ማስኬድ፣ በኮዱ የተጠሩት ፈንክሽኖች (ዝግጁ ትዕዛዞች) በላይብረሪው፣ ማለትም በተወሰዱበት የዝግጁ ኮድ ስብስብ፣ ሰነድ ውስጥ መኖራቸውንም ማረጋገጥ ይሻላል። የሌለ ፈንክሽን መገኘቱ መልሱ ስህተት መሆኑን እንጂ በማሽን መጻፉን አያረጋግጥም፤ ስለዚህ ለሞደሬተር (ለገጹ ተቆጣጣሪ) ሲጠቆም «ማሽን የጻፈው ይመስላል» ብሎ ከማቆም ይልቅ የትኛው መስመር ምን ችግር እንዳለበት፣ የጸሐፊው ሌሎች መልሶችም ተመሳሳይ መሆናቸውን መጻፍ ያስፈልጋል።