«ከነጎማው ከነሥራው በአንድ ዋጋ» የሚባለው የፊት መስታወት፦ ለባለ 40 ላንድ ክሩዘር ባለቤቶች

ጠዋት አስገብቶ ከሰዓት መውሰድ፤ መስታወቱም፣ መስታወቱን ዙሪያውን የሚይዘው ጎማውም፣ የእጅ ዋጋውም በአንድ ሒሳብ። ክረምት ሊገባ ሲል የአሮጌ ላንድ ክሩዘር ባለቤቶች የሚቀርብላቸው ውል ይህ ነው። ርካሽ መሆኑ ብቻ አይደለም የሚያሳስበው። በዚህ መኪና ላይ ሥራው በግማሽ ቀን የሚያልቀው ዋናው ነገር ሲዘለል ነው፤ ዋናው ነገር ደግሞ መስታወቱ ሳይሆን መስታወቱ የሚቀመጥበት ፍሬም ነው።

ቶዮታ ከ1960 እስከ 1984 እ.ኤ.አ. ያመረተው ባለ 40 ላንድ ክሩዘር (ፒካፑን ባለ 45 ጨምሮ) የፊት መስታወቱ ጠፍጣፋ ነው፤ እንደ ዛሬዎቹ መኪኖች በማጣበቂያ አይያዝም። የሚይዘው ሁለት ቦይ ያለው ጎማ ነው፦ አንዱ ቦይ መስታወቱን ይጎርሳል፣ ሌላው የፍሬሙን የላሜራ ጠርዝ። ፍሬሙ ራሱ ከታች በማጠፊያ ከቦዲው ጋር የተያያዘ፣ ተፈትቶ የሚወጣ ዕቃ ነው። ስለዚህ ከፍሬሙና ከቦዲው መካከል ሌላ ጎማ አለ፤ ከላይም ጣሪያው ፍሬሙ ላይ የሚያርፍበት ሦስተኛ ጎማ አለ። ውሃ በሦስቱም ይገባል። «ከነጎማው» ሲባል ግን የሚቀየረው የመጀመሪያው ብቻ ነው። እግራችሁ ሥር የሚንጠባጠበው ከታችኛው ጎማ ከሆነ አዲሱ መስታወት ምንም አይለውጥም።

መስታወቱ ጠፍጣፋ መሆኑ ለባለቤቱም ለአታላዩም ያመቻል። ማንኛውም ጥሩ መስታወት ቆራጭ አሮጌውን ልክ አድርጎ ከላሚኔትድ መስታወት ሊቆርጥላችሁ ይችላል፤ በአግባቡ ከተሠራ ምንም ነውር የለውም። ነውሩ በላሚኔትድ ስም የቤት መስኮት መስታወት ሲገጠም ነው፤ ያ ሲሰበር እንደ ቢላ የሰላ ስባሪ ይሆናል። ማረጋገጫው ቀላል ነው፣ ጎማ ሳይለብስ ጠርዙን እዩት። ላሚኔትድ በሁለት መስታወት መካከል የፕላስቲክ ሽፋን ስላለው መሃሉ ላይ መስመር ይታያል። ጠርዙ ወጥ ከሆነ ተመለሱ። «ቴምፐርድ ነው፣ እዚሁ ቆርጠንላችሁ ነው» የሚል ካጋጠማችሁ ደግሞ ሰውየው ወይ አያውቅም ወይ ይዋሻል፤ ቴምፐርድ ማለት በሙቀት የተጠናከረ መስታወት ነው፣ ከተጠናከረ በኋላ ሲቆረጥ ይበታተናል። የፋብሪካ መስታወት ከሆነ ጥጉ ላይ ያለውን ማኅተም አንብቡ፤ በአሜሪካ ደረጃ ለፊት መስታወት የሚሆነው ኤኤስ1 (AS1) የሚለው ነው። የተቆረጠው ጠርዝ በአሸዋ ወረቀት ወይም በመሞረጃ ድንጋይ መለስለሱንም በጣታችሁ ሳይሆን በዓይናችሁ አረጋግጡ። በጠርዙ ላይ የቀረች ትንሽ ስብራት ፒስታ መንገድ ላይ ወደ ረጅም ስንጥቅ ትሄዳለች።

ጎማውን በተመለከተ፣ ስትፈቱ አሮጌውን አትጣሉት። አምስት ሴንቲሜትር ያህል ቆርጣችሁ የመለዋወጫ ገበያው ሶማሌ ተራም ሆነ ሌላ ቦታ ስትሄዱ ይዛችሁ ሂዱ፤ የሁለቱን ቦይ ስፋትና ጥልቀት ጎን ለጎን አስተያዩ። በሜትር የሚሸጠው «ለሁሉም ይሆናል» የሚባለው ጎማ ብዙ ጊዜ የላሜራው ቦይ ሰፊ ነው፤ ልቅ ሆኖ ይቀመጥና ክፍተቱን በሲሊኮን ይሞሉታል። የተሻለው ጥጎቹ በቅርጽ ተጋግረው የወጡት ነው። በሜትር ከመግዛት ሌላ አማራጭ ከጠፋ መጋጠሚያው ጥግ ላይ እንዳይውል፣ ሲለካም እንዳይሳብ፤ ከልኩ አንድ ሁለት ሴንቲሜትር አስረዝሞ ወደ ውስጥ እየገፉ ማስገባት ነው። ተለጥጦ የገባ ጎማ በፀሐይ ይኮማተርና መጋጠሚያው ይከፈታል።

አሁን ወደ ዝገቱ። አሮጌው ጎማ ሲነሳ ከሥሩ የሚታየው የላሜራ ጠርዝ፣ በተለይ የታችኞቹ ሁለት ጥጎች፣ አብዛኛውን ጊዜ የተበላ ነው። ጎማው ለዓመታት ውሃ አቁሮበት ነበር። የአንድ ዋጋ ውል የሚፈርሰው ወይም የሚያታልለው እዚህ ላይ ነው። ሐቀኛው ባታላሜራ ደውሎ ይጠራችኋል። ሌላኛው ስቱኮ ይለስንበትና ቀለም ይነፋበታል። ስቱኮ በዚህ ጠርዝ ላይ ሁለት ጉዳት አለው፦ ጠርዙን ስለሚያወፍረው ጎማው በሙሉ አይገባም፣ ንዝረት ሲያገኘው ደግሞ ይሰነጠቅና ውሃውን ወደ ውስጥ ይመራል። ትክክለኛው መንገድ የተበላውን ቆርጦ በአዲስ ላሜራ መበየድ፣ ብየዳውን ከላሜራው እኩል መሞረድ፣ አንቲረስት ሁለት እጅ ቀብቶ በደንብ ማድረቅ ነው። ያልተሞረደ የብየዳ እብጠት መስታወቱን በአንድ ነጥብ ስለሚገፋው በገጠማችሁት ሳምንት ከዚያው ቦታ ስንጥቅ ይነሳል፤ «ድንጋይ መታው» ትባላላችሁ። ከብየዳ በኋላ ፍሬሙን ከጥግ ወደ ጥግ በሁለቱም አቅጣጫ ለኩ። ልዩነቱ ከሦስት ሚሊሜትር ካለፈ ጠማማ ነው፤ መስታወቱ ከመግባቱ በፊት ይቃና።

ስለ ሲሊኮን አንድ ነገር። አቼቶ አቼቶ የሚሸተው ሲሊኮን እየደረቀ አሲድ ስለሚለቅ ባዶ ብረት ያዝጋል። ከዚያ ወዲያ ቀለምም አይይዝበት። ለዘመናዊ መኪና የሚሠራው ጥቁር ማጣበቂያም እዚህ ቦታ የለውም፤ በሚቀጥለው ጊዜ መስታወቱን ሳይሰብሩ ማውጣት አይቻልም። አስፈላጊ ከሆነ የማይደርቅ ማሸጊያ በቀጭን አፍ በጎማውና በመስታወቱ መካከል ይገባል። ጎማው ልክ ከሆነ እሱም ትንሽ ነው የሚበቃው።

አገጣጠሙ ላይ ቁሙና ተመልከቱ። ፍሬሙ ተፈትቶ ብርድ ልብስ በተነጠፈበት ጠረጴዛ ላይ ቢሠራ ይመረጣል። ጎማው ፀሐይ ላይ ቆይቶ ይለሰልስ፣ መስታወቱ ላይ ይልበስ፣ ከዚያ በላሜራው ቦይ ውስጥ አምስት ሚሊሜትር ያህል የሆነ የናይለን ሲባጎ ዙሪያውን ይግባ፤ ሁለቱ ጫፎች ታች መሃል ላይ አንድ ስንዝር ተደራርበው ይውጡ። ማለስለሻው የፈሳሽ ሳሙና ውሃ ነው። ግሪስ ወይም የሞተር ዘይት ሲቀቡ ካያችሁ አስቁሟቸው፤ ኢፒዲኤም የሚባለው ጎማ በዘይት ያብጣል። አንዱ ከውጭ በመዳፉ እየመታ ይገፋል፣ ሌላው ከውስጥ ሲባጎውን ወደ መስታወቱ መሃል ይስባል፤ የጎማው ከንፈር ላሜራውን እየዘለለ ይገባል። ከታች ተጀምሮ በሁለቱ ጎን ይወጣል፣ ላይኛው መጨረሻ ነው። ጥጎቹ ላይ ችኮላ የለም። ካቻቢቴ ይዞ የሚታገል ሠራተኛ የጎማውን ከንፈር ይቀድዳል ወይም የመስታወቱን ጠርዝ ይነካል። ፍሬሙ ሲመለስም የጣሪያው ብሎኖች አንዱ እስከመጨረሻ ሳይጠብቅ ሁሉም በየተራ ቀስ በቀስ ይጥበቁ፤ አንድ ወገን ከተጠመዘዘ መስታወቱ ሊሰነጠቅ ይችላል።

ስትዋዋሉ አንድ ድምር ሳይሆን አራት ዋጋ ጠይቁ፦ የመስታወት፣ የጎማዎቹ፣ የፍሬም ጥገና፣ የመግጠሚያ። የሦስተኛው «ከተከፈተ በኋላ የሚታይ» ተብሎ ቢተው ችግር የለውም፤ ጨርሶ አለመጠቀሱ ነው የሚያስጠረጥረው። ደረሰኙ ላይ «ላሚኔትድ» የሚለው ቃል ይጻፍ።

ቀሪውን ክፍያ ከመስጠታችሁ በፊት በውሃ ፈትሹት። በላስቲክ ቧንቧ፣ ያለ ግፊት፣ ከታች ጀምራችሁ፦ መጀመሪያ የፍሬሙን ሥር አሥር ደቂቃ፣ ቀጥሎ የመስታወቱን ዙሪያ፣ በመጨረሻ የጣሪያውን መጋጠሚያ። ውስጥ ዳሽቦርዱ ላይ ደረቅ ሶፍት ደርድሩ። ከላይ ከጀመራችሁ ውሃው በሁሉም ላይ ስለሚወርድ የትኛው ጎማ እንዳሳለፈ አይለይም።