ሐዋሳ ላይ ጉማሬ ለማየት ጀልባ የምትይዙ ሰዎች

ሰሞኑን ከቤተሰብ ጋር ሐዋሳ ነበርን፣ ፍቅር ሐይቅ ከሚባለው የሐይቁ ዳርቻ ጀልባ ኮንትራት ይዘን ጉማሬ ልናይ ጥቁር ውሃ የሚባለው ወንዝ ወደ ሐይቁ በሚገባበት በኩል ሄድን። ባለጀልባው ወጣት ልጅ ነው ግን ስራውን በጣም ነው የሚያውቀው። ላይፍ ጃኬቱን ለሁላችንም ራሱ አሰረልን፣ የልጆቹን ደግሞ ጎተት ጎተት አርጎ ቼክ አደረገ። ፊላው ጋ ስንደርስ ጉማሬዎቹ ገና ሩቅ እያሉ ሞተሩን አጠፋና በመቅዘፊያ ቀስ እያለ ወስዶን ቆመ። መጀመሪያ ጆሮና አፍንጫ ብቻ ነው የሚታየው፣ ከዛ እፍፍ ብለው ሲተነፍሱ ውሃው ይረጫል፣ አንዷ ግልገሏ ጎኗ ስር ተለጥፎ ነበር። ከኛ ውስጥ «ትንሽ ጠጋ በል፣ እንጨምርልሃለን» ያለች ነበረች፣ «አይሆንም እህቴ፣ ልጅ ይዛለች» አላት በቃ። እኔ 5 ኮከብ የምሰጠው ለዚች መልሱ ነው።

ምክንያቱም ጉማሬ ብዙ ሰው እንደሚመስለው አይዋኝም፣ የሐይቁን ወለል እየረገጠ ነው የሚሄደው፣ ትንፋሹን ይዞ 5 ደቂቃ አካባቢ ስር መቆየት ይችላል፣ ስለዚህ የት ብቅ እንደሚል አታውቁም፣ ጀልባው ስር ከወጣ ለናንተም ለሱም አደጋ ነው። እናትየዋ 8 ወር አርግዛ አብዛኛውን ጊዜ የምትወልደው አንድ ነው፣ ከቀነሱ ቶሎ አይተኩም ማለት ነው፣ እንደ ፈረንጆቹ ከ2006 ጀምሮም በአለም ደረጃ ለመጥፋት ተጋላጭ ከሚባሉት ውስጥ ናቸው። ማታ ማታ ደግሞ ወጥተው ሳር ይግጣሉ፣ አንዱ በአንድ ሌሊት 40 ኪሎ ገደማ ይበላል፣ ዳርቻው ሁሉ እርሻና ሆቴል ከሆነ ታዲያ የት ሄደው ይብሉ?

ፍሎሪዳ ውስጥ ማናቲ የሚባል ሳር በል የውሃ እንስሳ አለ፣ ዝምድናው ከዝሆን ጋር ነው፣ የጀልባ ሞተር ጀርባቸውን ከመቁረጡ የተነሳ ተመራማሪዎች አንዱን ከሌላው የሚለዩት በጠባሳው ነው። እዛ ማናቲ በሚበዛበት ቦታ ጀልባ ቀስ ብሎ እንዲሄድ በህግ ተደንግጓል። እኔ ብጠየቅ ጥቁር ውሃ ጋም እንደዛ ይሁን ነው የምለው፣ እኛ ቆመን እያየን ሌላ ጀልባ ሙዚቃ ከፍቶ በሙሉ ፍጥነት መጣና ሁሉም ጠለቁ፣ ግልገሏንም ከዛ በኋላ አላየናትም፣ በጣም ነው የተናደድኩት።

ጀልባው ጥላ የለውም፣ ኮፍያ ያዙ። ከሰአት ንፋስ ስለሚነሳ ጠዋት ሂዱ። ዋጋውን ሳትሳፈሩ ተነጋገሩና ሞተር ያጠፋ እንደሆነ ጠይቁት፣ «በጣም አስጠጋችኋለሁ» የሚላችሁን ተዉት።