ቲቪ ቦክስ ወይስ ኦሪጅናል ስቲክ? ብራችሁን ከመቁጠራችሁ በፊት

«ቴሌቪዥኔን ሳልቀይር ኔትፍሊክስና ዩቲዩብ ለማየት ምን ልግዛ?» የማይለኝ ጓደኛ የለም። መልሴ ሁሌም ያው ነው፦ የጉግል ፈቃድ ያለውን ስቲክ ወይም ቦክስ (ቴሌቪዥኑ ላይ ተሰክቶ ስማርት የሚያደርገውን ትንሽ ዕቃ) ግዙ፣ ስም የለሿን ጥቁር ቦክስ እለፏት።

ቦክሷ የምትሸውደው በዋጋዋ ነው። ካርቶኗ ላይ 8ኬ፣ 4 ጊጋ ራም፣ 64 ጊጋ ሜሞሪ ተጽፎባታል። ሻጩም «ፊልሙ ሁሉ በነጻ ተጭኖበታል» ይላችኋል። የአጎቴ ልጅ አንዷን ገዛ። ወራት ሳትቆይ እየጋለች መጥፋት ጀመረች፣ በመጨረሻም ስትበራ የሚመጣው አርማ ላይ ደርቃ ቀረች። ጠጋኙ ክዳኑን ፈልቅቆ ሲከፍተው፣ ሙቀቱን እንዲያወጣ ቺፑ ላይ የተለጠፈው አሉሚኒየም ጥፍር አያክልም። እሱም ሙጫው ለቆ ወላልቋል። ሜሞሪውን አይቶ ሳቀ፤ 64 የተባለው 8 ነው። «ሶፍትዌሩን ከየት ላምጣልህ? ካርቶኑ አንድ ዓይነት ነው እንጂ ቦርዱ ይለያያል» አለው። ለጥገና ሙከራ የከፈለው ሲደመር ኦሪጅናሉን ይገዛለት ነበር።

ቢሠራም ደስ አይልም። ኔትፍሊክስ ፈቃድ ለሌለው ዕቃ ጥርት ያለውን ምስል አይለቅም። ስለዚህ «8ኬ» የተባለችው ቦክስ የምታሳያችሁ 480ፒ፣ ማለትም ደብዘዝ ያለውን ምስል ነው። የቫይረሱም ነገር ተረት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2025 ጉግል ከ10 ሚሊዮን በላይ እንዲህ ያሉ ዕቃዎችን በክሏል ባለው «ባድቦክስ 2.0» የተባለ የቫይረስ መረብ ጀርባ ባሉ ሰዎች ላይ ክስ መሥርቷል። ከዋይፋያችሁ ጋር የምታገናኙት ይህን ነው እንግዲህ።

ወደ ዋጋው ልምጣ። የአሜሪካው የሱቅ ሰንሰለት ዋልማርት «ኦን» የምትባለውን፣ የጉግል ፈቃድ ያላትን ባለ 4ኬ ጉግል ቲቪ ቦክስ እ.ኤ.አ. በ2023 ሲያወጣት 19 ዶላር ከ88 ሳንቲም ነበረች። አሜሪካ ዘመድ ያለው ሰው ሌላ ነገር ማሰብ ያለበት አይመስለኝም፤ ሻንጣ ውስጥ ካልሲ ያህል ቦታ አትይዝም። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ዶላር የት እንደደረሰ ስለምታውቁ ማባዛቱን ለእናንተ ልተወው። ተባዝቶም ቢሆን ሁለት ጊዜ ከመግዛት ይሻላል። የአሜሪካው መሰኪያ እኛ ሶኬት ውስጥ ባይገባ አትጨነቁ፣ በዩኤስቢ የምትሠራ ስለሆነች ደህና የስልክ ቻርጀር ይበቃታል። የቴሌቪዥኑ ዩኤስቢ ላይ ግን አትሰኳት፤ ኃይሉ አልበቃ ሲላት እየጠፋች ትነሳለች።

እዚሁ የምትገዙ ከሆነ ከመክፈላችሁ በፊት ሱቁ ውስጥ አስከፍቱ። በስልካችሁ ሆትስፖት አገናኙና ኔትፍሊክስን ክፈቱ። በሪሞቱ ቀስት አልሄድ ብሎ የማውስ ጠቋሚ ካመጣባችሁ የተጫነው ለቲቪ ሳይሆን ለስልክ የተሠራው አፕ ነው። አመስግናችሁ ውጡ። የታወቀ ብራንድ ስም ስለተጻፈበት ብቻም አትመኑ፣ ኮፒ አለ።

አዲስ ስማርት ቲቪ? ስክሪናችሁ ደህና ከሆነ ለምን? ስቲክ ሲያረጅ ስቲክ መቀየር ይቀላል።

ስለ ዳታም ሳትጠይቁኝ ልንገራችሁ። ኔትፍሊክስ በኤችዲ በሰዓት እስከ 3 ጊጋ ይበላል፤ በመደበኛው ጥራት 1 ጊጋ ገደማ። ቤታችሁ ያልተገደበ ዋይፋይ ካለ ችግር የለም። በሞባይል ፓኬጅ የምታዩ ከሆነ ግን የሁለት ሰዓት ፊልም 6 ጊጋ ጭልጥ ሊያደርግ ይችላል። አካውንታችሁ ውስጥ ገብታችሁ ጥራቱን ዝቅ አድርጉት። ዲሹንም ቶሎ አታውርዱት፤ ኢንተርኔት የጠፋ ቀን ትፈልጉታላችሁ።